ፌንጣ መዝለል ያቆመች ሰሞን

ጎሚስታው ሲስቅ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ያነሳል። ልምድ ነው ያስተማረው። የጎሚስታው ሳቅ አስቀድሞ "መጣሁ" አይልም፤ ከልክ በላይ እንደተነፋ ጎማ ድንገት ነው የሚፈነዳው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሰው እጅ ይስታል።

ሱቁ ከድልድዩ መግቢያ አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። በሯ ላይ አሮጌ ጎማ ተቆልሏል፤ ውስጧ አንድ ንፋስ መሙያ ማሽን፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ የያዘ ግማሽ በርሜል፣ አንድ ደግሞ ሚስማር የሞላ ጣሳ አለ። ሚስማሮቹ ከየደንበኛው ጎማ የተነቀሉ ናቸው። "ትናንት የለጠፍክልኝ ዛሬ ተነፈሰ!" ብሎ የሚቆጣ ሾፌር ሲመጣ ጎሚስታው ጣሳውን ያቀርብለትና "ጌታዬ፣ እስቲ የእርስዎን ከዚህ ይምረጡ" ይለዋል። ሾፌሩ ወይ ይስቃል ወይ ይብሱን ይቆጣል። ለጎሚስታው ሁለቱም ጨዋታ ነው።

የዚህ ጠባይ ጣጣው፣ የምሩን ሲናገር የሚያምነው ሰው አለመኖሩ ነው። "ላግባሽ" ያላት ዕለት ሚስቱ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። የምሩን መሆኑ የገባት የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰምታ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ ባለ ሱቅ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። እናቷ ደግሞ አብረዋቸው ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልት ሲሸጡ የኖሩ፣ የሚዛን ሌባ በዓይን የሚያውቁ፣ ምላሳቸው ዶልዱሞ የማያውቅ ሴት ናቸው። "ቁም ነገርና ቀልድ ያልተለየበት አፍ ምን ይረባል!" ይላሉ ስለ አማቻቸው። እሱና እሳቸው የሚስማሙበት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ፌንጣ በዓለም ላይ አቻ የላትም።

ፌንጣ ልጁ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ የሚጠራት አስተማሪዋ ብቻ ነበረች። የወተት ጥርሶቿ ገና መነቃነቅ መጀመራቸው ነው። መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አባቷ የጎማ ክምር፣ ሁሉም በዝላይ ነው። አያቷ "ይቺ ልጅ መሬት ያቃጥላታል እንዴ?" ይላሉ፤ እየተቆጡ ሳይሆን እየኮሩ።

ጎርፉ የመጣ ዕለት ልብስ ሰፊዋ እንደ ወትሮዋ በጠዋት ድልድዩን ተሻግራ ሥራ ገብታለች። ወንዙ ከሚመነጭበት በኩል ሰሞኑን ሲዘንብ ከርሞ ውሃው መልኩ ተለውጧል፤ ቢሆንም ሲሞላና ሲጎድል የኖረ ወንዝ ነውና ማንም ልብ አላለውም። ረፋዱ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ትልቅ ዛፍ መጣ። ከኋላው ሌላ ተከተለ፤ ከዚያማ ደን የተሰደደ ይመስል ዛፍ በዛፍ ሆነ። የድልድዩን እግር ገፉት፣ ገፉት፣ በመጨረሻም መሐሉ ሲሰምጥ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ተፋጠው ቀሩ። ደግነቱ በላዩ ላይ ሰው አልነበረም። ውሃው ግን እዚያ አላበቃም፤ ወደ ሰፈር ወጣ።

ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ሸሸ። ጎሚስታው መጀመሪያ ፌንጣን በትከሻው ወስዶ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያ ተመልሶ አማቱን አዘለ።

"ቀስ በል፣ ጎማ አይደለሁም!" አሉት ጀርባው ላይ ሆነው።

"ጎማ ቢሆኑማ እያንከባለልኩ በወሰድኩዎት ነበር፣ እማማ።"

"ምን አልክ አንተ?"

"ኧረ ዕድሜ ይስጥልኝ ነው ያልኩት!"

ደግሞ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ልብሱንና ድስቱን በራሱ ተሸክሞ ሲወጣ፣ እሱ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማዎቹን ነፍቶ፣ በገመድ አስሮ፣ እንደ ዳክዬ ጫጩት አስከትሎ በውሃው ላይ እየጎተተ መጣ። አማቱ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ። "ፍራሽ እያለ ላስቲክ! ይሄን ሰው የሰጠኝ ምን በድዬ ይሆን?"

መኖሪያ ሦስተኛ ክፍል ደረሳቸው። ርዕሰ መምህሩ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ጎርፍ ያፈናቀለውን ሕዝብ በየክፍሉ ሲደለድሉ እንኳ "ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዳይመታ! ጥቁር ሰሌዳ እንዳይነካ!" ማለታቸውን አልተዉም። የስልኩ ማማ ወድቋል፣ መብራትም የለም። ከወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ የተሰበረው ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነፋሱ ወደዚህ ስለሚነፍስ ይሰማል፤ ከዚህ ወደዚያ ግን ያለ ድምፅ ማጉያ አይሆንም። ድምፅ ማጉያው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ርዕሰ መምህሩም ለማንም አያስነኩም። መልእክት ያለው ሰው በጆሯቸው ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ተማሪ በሚያሰልፉበት ድምፅ ለሕዝብ ያውጃሉ። አንድ አዲስ ሙሽራ "እወድሻለሁ፣ ናፍቀሽኛል ይበሉልኝ" ቢላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ባለቤትዎ ደኅና ናቸው!" ብለው አሳለፉት።

ፌንጣ ይሄን ሁሉ እንደ ትልቅ ጨዋታ ነበር ያየችው። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጓደኛ አገኘች። አንድ ቡራቡሬ ውሻ በውሃ በተወሰደ ጠረጴዛ ላይ ቂብ ብሎ፣ ግራ ቀኙን እንደ ባለሥልጣን እየቃኘ መጣ። ልጆች በዱላ ስበው አወጡት። ፌንጣ እዚያው ላይ "ጠረጴዛ" ብላ ስም አወጣችለት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን መለየት አልተቻለም። "ጠረጴዛ ርቦታል"፣ "ጠረጴዛ ጆሮዬን ላሰኝ"፣ "ጠረጴዛ አያቴን ፈራት" ሆነ ወሬው ሁሉ። ስትተኛም ትራሷ የጠረጴዛ ሆድ ነው። አያቷ ቢቆጡ ቢቆጡ ሰሚ ሲያጡ፣ ቢያንስ ፀጉሯ እንዳይቆሽሽ ብለው ጥብቅ ያለ ሹሩባ ሠሩላት።

እንዲህ እያሉ ሲሰነብቱ አንድ ጠዋት ፌንጣ የክፍሉን ደፍ ስትዘል ወደቀች።

ሳቀች። ተነስታ ዘለለች፣ አሁንም ወደቀች። ጎሚስታውም ሳቀ፤ "ምነው እናቴ፣ ዛሬ ምን ጠጥተሽ ነው?" አላት። አረማመዷ ጀልባ ላይ እንዳለ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። በማግስቱ ከፍራሹ ላይ "አባዬ፣ እግሬ አልነቃም" አለችው።

"እንቀስቅሰዋ!" አለና ውስጥ እግሯን ኮረኮራት። ፌንጣ ተንከትክታ ሳቀች። "ተው! ተው አባዬ!" እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎሚስታው እንደገና ኮረኮራት። ልጅቱ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እግሮቿ ግን የሌላ ሰው ይመስል ተዘርግተው ቀሩ። 

ሦስተኛ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። "ብርድ ነው" አለ አንዱ። "ድንጋጤ ነው፣ ጎርፉን አይታ" አለች ሌላዋ። "የእድገት ነው፣ አጥንት ሲረዝም እንዲህ ያደርጋል" ያለም ነበር። አማቱ ዘይት አሙቀው ጉልበቷን አሹ። ትኩሳት የላት፣ ሕመም የላት፤ ታወራለች፣ ትበላለች፣ ጠረጴዛን ታዛለች። ከሰዓት ግን ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። አያቷ አንስተው ሰጧት። ደግሞ ወደቀ። አማትና አማች ተያዩ።

እዚያው ተጠግታ የነበረች አንዲት ጤና ረዳት መጥታ አየቻት። እግሯን አነሳች፣ ለቀቀች፤ እንደ ጨርቅ ወደቀ። እጇን ዘርግታ "ጨብጪኝ" አለቻት፤ የልጅቱ ጣቶች አልጨበጡም። ከዚያ ጎሚስታውን ወደ በረንዳው ወሰደችው።

"ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዋሽቼ አልሸነግልህም" አለችው። "ግን ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ነው። ወደ ደረቷ ከደረሰ ትንፋሽ ነው የሚይዘው። ሆስፒታል መግባት አለባት፣ ዛሬውኑ።"

ሆስፒታሉ ከበረንዳው ላይ ይታያል። ነጭ ግድግዳው፣ መስኮቶቹ፣ በሩ ላይ የሚመላለሰው ሰው ሳይቀር። መሐል ላይ ያ ሁሉ ውሃ። ጀልባ ይመጣል ተብሏል፤ በየቀኑ "ነገ" ይባላል።

ጎሚስታው ለሚስቱ እስካሁን አልነገረም ነበር። በየጠዋቱ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆማ "ልጄ እንዴት ናት?" ስትል "እየዘለለች ነው ይበሉልኝ" ይላቸው ነበር ርዕሰ መምህሩን። አሁን ግን ሄዶ በጆሯቸው ነገራቸው። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አነሱ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጉያውን ለሌላ ሰው ሰጡ።

"አንተው ንገራት" አሉት።

ማዶ ያሉ ሰዎች ሚስቱን ጠሩለትና ልብስ ሰፊዋ የመስፊያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ሮጣ መጣች። ጎሚስታው ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አድርጎ፣ "ስሚኝማ! ፌንጣ መዝለል አቁማለች! እግሯም እጇም አልታዘዝ ብሏታል!" አለ።

ከማዶ ሳቅ ተሰማ። "እና እንድትዘል ጉቦ ልስጥህ? አንተ ሰውዬ፣ ለቀልድህም ወሰን አብጅለት!"

"የምሬን ነው!"

"ጠዋት እየዘለለች ነው አላልከኝም?"

"ዋሽቼሽ ነው!"

"ሂድ ወዲያ! ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት!" ፊቷን መለሰች፤ መሄድ ጀመረች።

ጎሚስታው ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅበት የኖረው አፉ እንዲህ ይከዳኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። እንዲያ እንደቆመ ከጎኑ አንድ አሮጌ እጅ መጥቶ ድምፅ ማጉያውን ነጠቀው። አማቱ ናቸው።

"አንቺ ልጅ!" አሉ፤ ገበያ ውስጥ ዕድሜ ልክ የጮኸ ጉሮሮ ነውና ማጉያው ሊሰነጠቅ ደረሰ። "ባልሽ እውነቱን ነው! ዛሬስ ቁም ነገር ነው የተናገረ! ልጅቱ ታማለች!"

ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆመች። ሜትሩ ከአንገቷ ወደቀ፣ አላነሳችውም። እናቷ ለባሏ መስክረው አያውቁምና፣ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባት ከዚሁ ነው።  ከዚያ ነፋሱ፣ "አምጡልኝ! እንዴትም አድርጋችሁ አምጡልኝ!" የሚል ጩኸት ይዞ መጣ።

ጎሚስታው ዞሮ ሲያይ ሰው ሁሉ ውጭ ወጥቷል። ዓይኑ ግድግዳ ተደግፈው በተደረደሩት የውስጥ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። አማቱም ወደዚያው አዩ።

"በል ምን ትጠብቃለህ?" አሉት። "አንሳቸዋ!"

ሁሉም ባንዴ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ የተነፈሱትን ጎማዎች በእጅ ፓምፕ እየተፈራረቁ ነፉ። ጎሚስታው እያንዳንዱን ውሃ ውስጥ እያስገባ አረፋ እንዳይወጣው አየ፤ አንዷ ስታፏጭ ቢያገኛት ወዲያ ወረወራት። ከላይ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ነገር ጠፋ። በር እንነቅል ወይ ሲባባሉ ርዕሰ መምህሩ ከሦስተኛ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን ከሁለት ወላጆች ጋር ተሸክመው ብቅ አሉ። የማባዛት ሰንጠረዡ እንኳ አልጠፋም ነበር።

"ጋሼ፣ የመንግሥት ንብረት አይደለም እንዴ?" አለ ጎሚስታው ሳያስበው።

"እሷስ የማን ናት?" አሉት ርዕሰ መምህሩ ኮስተር ብለው። "እሰር!"

ወንዙ እንደ መጀመሪያው ቀን አይጋልብም ነበር፤ ሰፍቶ፣ ከብዶ፣ ቀስ እያለ ይፈሳል። ቢሆንም ያለ ገመድ ማንም አይደፍረውም። የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የከብት ገመድ፣ የሰንደቅ ዓላማ መስቀያውም ገመድ ሳይቀር ተቀጣጠለ። አንድ አሸዋ አውጪ ነበር፤ ዕድሜውን ከዚያው ወንዝ ሆድ አሸዋ እየዛቀ የኖረ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ቀጭን ሰው። ሸሚዙን አውልቆ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ።

"ይሄ ወንዝ አሸዋውን ስሰርቀው ስለኖርኩ ቂም አለው" አለ። "ካልተመለስኩ ተበቅሎኝ ነው በሉ።" ገብቶ ዋኘ። ውሃው አጣሞ አጣሞ ከታች በኩል ቢያወጣውም ተሻገረ። ከማዶ ሰዎች ገመዱን ተቀብለው ያዙ፤ ፊተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

ፌንጣን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ አስተኟት። አባቷ ከኋላዋ በጎኑ ተኛና በክንዱ አቀፋት። አማቱ ጎንበስ ብለው የልጅ ልጃቸውን ሳሙ፤ ቀና ሲሉ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ የአማቻቸውንም ጭንቅላት መታ መታ አደረጉ።

"ጠረጴዛስ?" አለች ፌንጣ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

"ጠረጴዛ እኔ ዘንድ ይቆያል" አሉ አያቷ፤ ውሻውን እንደ እሳት የሚሸሹት ሴትዮ።

ከማዶ ገመዱ ተሳበ። ጎማዎቹ እየተንሳፈፉ፣ ሰሌዳው ሲጢጥ እያለ፣ ቡናማው ውሃ በሁለቱም ጎን እየላሳቸው ሄዱ። መሐል ላይ ሲደርሱ ገመዱ ተወጥሮ ሰሌዳው ዘነበለ፤ አንድ ጎን ወደ ውሃው ገባ። ጎሚስታው በሰውነቱ ወደ ሌላው ጎን ተጫነ። ወዲያው ተስተካከለ።

"አባዬ፣ ፈራህ እንዴ?"

"እኔ? ምን በወጣኝ።"

"ልብህ ጀርባዬን እየመታኝ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ውሃው ወገቧ ድረስ እስኪደርስ ገብታ ነው የተቀበለቻቸው። መዳፏ በገመዱ ተልጧል። ባሏን አላየችውም፣ ልጇን ብቻ ይዛ ሮጠች። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ ሽቅብ ቢሆንም አንዴም አላረፈችም።

ሆስፒታሉ በጎርፉ ሰሞን ሰው ሞልቶበት ኮሪደሩ ሳይቀር ፍራሽ ተነጥፎበታል። የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ጋዋኗ ላይ ሻይ ፈስሷል። ፌንጣን ስታይ ግን ድካሙ ከፊቷ ጠፋ። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ ምንም የለም። ደረቷን አዳመጠች፣ ቆጠረች፣ የኦክስጅን ሲሊንደር አልጋው አጠገብ እንዲቀርብ አዘዘች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

"ትኩሳት ነበራት?"

"ኧረ የለም፣ ዶክተር።"

"ከመታመሟ በፊት ወድቃ ነበር? የበላችው የተለየ ነገር አለ?"

"ምንም።"

"የት ነው የምትተኛው?"

መልሱ ከአልጋው መጣ። "ከጠረጴዛ ጋር" አለች ፌንጣ።

"ጠረጴዛ ላይ?"

"አይ፣ ከጠረጴዛ ጋር። ሆዱ ይሞቃል።"

ሐኪሟ ወላጆቿን ዝቅ ባለ ድምፅ "መቀባዠር ከጀመረች ቆየች?" አለቻቸው።

"አልቀባዠረችም፣ ዶክተር" አለ ጎሚስታው። "ጠረጴዛ ውሻ ነው።"

"እባክህ!" አለች ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እየወረደ። "እባክህ፣ አሁን እንኳ አትቀልድ!"

"የምሬን ነው! እናትሽ ይሙቱ የምሬን ነው! ውሻው ጠረጴዛ ነው የሚባለው! በጠረጴዛ ላይ ነው የመጣው!"

ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጎርፉ ያመጣው ውሻ ነው? አብራው ነው የምትተኛው? ጭንቅላቷን እሱ ላይ አድርጋ?" አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ ጓንት አጠለቀች። "ሹሩባውን ፍቱት።"

ልብስ ሰፊዋ ፈታች። የእናቷን ሹሩባ ታውቀዋለች፤ መፍታት እንደ መስፋት ጊዜ ይፈጃል። ሐኪሟ ከሥር ከሥር ፀጉሩን እየከፈለች በመብራት ታያለች። ግንባሩ ጋ የለም፣ አናቱ ላይ የለም። ከግራ ጆሮዋ ኋላ ያለው ሹሩባ ሲፈታ የእናትየው ጣት አንድ ነገር ላይ ቆመ።

"ይሄ ኪንታሮት ድሮ አልነበረባትም" አለች።

ኪንታሮት አልነበረም። አተር ያህል ያበጠ፣ አመድማ መዥገር ነው፤ ጭንቅላቱን ቆዳዋ ውስጥ ቀብሮ ተንፈራጦ ተቀምጧል። ሐኪሟ ወረንጦ አምጥታ ከቆዳው ሥር ያዘችውና ቀስ አድርጋ፣ ሳትጠመዝዝ፣ ቀጥ አድርጋ ሳበችው። ወጣ። እግሮቹ ይወራጩ ነበር።

"አንዳንድ መዥገር ደም ሲመጥ ምራቁ ውስጥ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርዝ አለ" አለቻቸው። "ስማር አንብቤዋለሁ እንጂ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ከሆነ፣ ሲነቀልላት ይተዋታል። እሱ ካልሆነ ሌላ ምርመራ እንቀጥላለን። እስከዚያ አጠገቧ ነኝ።" ከዚያ ቀሪውን ፀጉር በሙሉ ፈትሻ፣ ሌላ እንደሌለ አረጋገጠች።

መጠበቅ ነበር የቀረው። ፌንጣ ፀጉሯ እንደተበተነ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለቱ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ዓይናቸው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ልብስ ሰፊዋ የተላጠ መዳፏን በፋሻ አስጠቅልላለች።

"አንድ ነገር ቀልድ እስቲ" አለችው በመጨረሻ።

ጎሚስታው አሰበ። አፉን ከፈተ። "አልመጣልኝም" አለ።

እጇን ዘርግታ በአልጋው ላይ እጁን ያዘችው። "አላመንኩህም ነበር" አለች።

"እኔስ ብሆን ራሴን አምናለሁ?"

ፈገግ አለች። ቀልዱ ሳያስበው መጣለት ማለት ነው።

ሲነጋ ፌንጣ አፍንጫዋን ስታክ ነው ያገኟት። በገዛ እጇ። ሁለቱም መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ልጅ አፍንጫዋን ብታክ ምን ይደንቃል? ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ጎሚስታው ደግሞ ወደ አልጋው ግርጌ ሄዶ፣ ብርድ ልብሱን ገለጠና ውስጥ እግሯን ኮረኮረ።

ፌንጣ ጮኸች፤ እግሯም ተፈናጥሮ አገጩን መታው።

ያን ጊዜ የሳቀው ሳቅ እስከ ታች ተመላላሽ ክፍል ተሰማ ይባላል። ኮሪደር ላይ የተኙ ሕሙማን ተቀመጡ። አንዱ ነርስ መድኃኒት የያዘበትን ሳህን ጣለ። ሐኪሟ "ምን ሆነች?" እያለች እየሮጠች ስትገባ፣ አባት አገጩን ይዞ ይስቃል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ልጅቱ ደግሞ "እሱ ነው የጀመረው!" ትላለች። ሐኪሟ ጉልበቷን በመዶሻዋ መታች፤ እግሯ ዘለለ። ደግማ መታች። ደግሞ ዘለለ። ከሚገባው በላይ ስትመታ የቆየችው ደስ ብሏት እንጂ ለምርመራው እንዳልነበር ኋላ ራሷ ተናግራለች።

መዥገሩን ለባልደረቦቿ ልታሳይ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጠችው። ፌንጣ ብልቃጡን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና "ይሄንንስ ማን ብለን እንጥራው?" አለች።

"አደራሽን" አለች እናቷ "ስም እንዳታወጪለት።"

አልጋው ላይ መዝለል ስትጀምር ሆስፒታሉ ራሱ "ውሰዱልን" አለ። በዚያው ሰሞን ያ "ነገ" ሲባል የነበረ ጀልባ እውነትም መጣ፤ ብርቱካን ቀለም ያለው፣ ሞተር ያለው፣ የሚያምር ጀልባ። ሦስቱም ተሳፈሩ። ጀልባ ነጂው "ልጅቷን ያዙልኝ፣ ጀልባ ላይ አይዘለልም!" እያለ ሲለምን ነበር የተሻገረው።

አማቱ እነሱ በሌሉበት ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ድልድዩ ጫፍ ላይ ሆና ልጃቸው "መዥገር ነው! ከውሻው ነው! ድናለች!" ብላ ስትጮህ ከሰሙ ጀምሮ፣ ጠረጴዛን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበው፣ መዥገሩን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ወደ ሰው ዞሩ። የሦስተኛ ክፍልን ልጆች ጭንቅላት ጨርሰው፣ ከአራተኛ ክፍል ወደ አምስተኛ ተሻግረው፣ አሸዋ አውጪውን በግድ አስቀምጠው ፈትሸውታል። ርዕሰ መምህሩ "እኔ መላጣ ነኝ" ቢሉም "ጆሮ የለዎትም?" ተብለው ተፈትሸዋል።

ፌንጣ ከጀልባው ዘላ ወርዳ አያቷ ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም እግሯን፣ ጉልበቷን፣ ክንዷን እንደ ዱባ እየዳበሱ መረመሩ። ዋጋዋን የሚያውቁ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ቀና አሉ። 

"ጎማዎቼን በሙሉ ጨረስኳቸው፣ እማማ" አለ እሱ።

"እሰይ፣ ደግ አደረግህ" አሉት። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ና እዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ በል፣ ልጄ። ያንተን ጭንቅላት ገና አላየሁትም።"

ተቀመጠ። አማቱ ከላይኛው ደረጃ ሆነው ፀጉሩን ከፈል ከፈል እያደረጉ ይፈልጉ ጀመር። ምንም አልነበረበትም፤ ግን አልቸኮሉም። ፌንጣና ጠረጴዛ ከታች ባለው ሜዳ እየተሯሯጡ ሲጫወቱ፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠችና ተራዋን ጠበቀች።